ሐረጎን ለምትወጣ አሮጌ መኪና ምን ዘይት፣ ምን ነዳጅ?

ደሴ ውስጥ የሞተር ዘይት፣ ፊልትሮና ካንዴላ እሸጣለሁ። አዲስ ደንበኛ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እኔን ሳይሆን ከኋላዬ ያለውን በር ነው። «ሰውየው የሉም?» ይለኛል። ሰውየው የሉም፣ እኔ አለሁ። ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ሁሌም አንድ ነው፦ «እስቲ ወፍራሙን ዘይት ስጪኝ፣ መኪናዋ አርጅታለች።»

አልሸጥም አልልም፤ ሱቅ ነው። ግን ከመሸጤ በፊት እጠይቃለሁ። ቤንዚን ናት ናፍጣ? የት የት ትሄዳለች? ዘይት ትበላለች ወይ? ከበላችስ ምን ያህል? ዕድሜ ብቻውን ዘይት አያስመርጥም። ባለቤቱ የሚንከባከባት ዲኤክስ ሞተሯ ጸጥ ብሎ ሲሠራ፣ ከእሷ በኋላ የተሠራች መኪና ደግሞ ሰፈሩን በጭስ ስትሞላ አያለሁ።

ነገሩን አሁን ይበልጥ አሳሳቢ ያደረገው ሌላ ምክንያት አለ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። እጃችን ላይ ያሉት ዲኤክስ፣ ላዳ፣ ቮልስና ሃይሩፍ ገና ብዙ ሊያገለግሉን ነው።

ከጋሎኑ ላይ ካለው ቁጥር እንጀምር። 20ደብሊው-50 ሲል ሁለት ነገር ነው የሚነግራችሁ። ከደብሊው በፊት ያለው ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ጠዋት ቶሎ ይሮጣል። መጨረሻ ላይ ያለው ደግሞ ሞተሩ ከጋለ በኋላ፣ 100 ዲግሪ ላይ፣ ምን ያህል ወፍራም ሆኖ እንደሚቆይ ነው። የደሴ የታኅሣሥ ሌሊት ምንም ቢቆነጥጥ 20ደብሊው ዘይትን አያረጋውም። ይህ ደረጃ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ተፈትኖ የሚሰጥ ነው። ስለዚህ «ብርድ ነው፣ አይነሳልኝም» የሚለው ስጋት ብዙም አያሳስብ። የሚያሳስበው ከተነሳ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ናቸው። ወፍራም ዘይት ከሥር ካለው የዘይት ማጠራቀሚያ፣ ከኮፓው፣ ተስቦ እላይ የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው ጋ እስኪደርስ ይዘገያል። ጠዋት ሲነሳ ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው። ሞተር ደግሞ ብዙ የሚበላው ያኔ፣ ዘይት ሳይደርሰው ሲሽከረከር ነው።

ወፍራም ዘይት በነፃ አይሠራም። ሞተሩ ራሱ ዘይቱን ለመግፋት ጉልበት ያወጣል። ዳገት ላይ ይታወቃችኋል፣ ነዳጅ ላይም ይታወቃችኋል። ስለዚህ የእኔ ደንብ አጭር ነው፦ ሞተሩ የሚችለውን ያህል ቀጭን፣ የግድ ካልሆነ በቀር ወፍራም አይሁን። የግድ መሆኑን እንዴት እናውቃለን ካላችሁ፣ እኛ ደሴና ኮምቦልቻ ያለን ሰዎች ሌላው አገር የሌለው መመርመሪያ አለን። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ዳገት፣ ሐረጎ።

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች አጭር መንገድ ከ2500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ወደ 1850 አካባቢ ትወርዳላችሁ። ስትወርዱ ነዳጅ አትስጡ። ፍሬን ላይም አትተኙ። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ አፍናችሁ ያዙዋት። እንዲህ ስትወርዱ የሞተሩ የአየር መግቢያ በር ዝግ ስለሆነ ሞተሩ ውስጥ ከፍተኛ ስበት ይፈጠራል። የቫልቭ ጎሚኒ፣ ማለትም ዘይት የሚያግደው የቫልቩ ጎማ፣ ያለቀበት ሞተር በዚያ ስበት ዘይት በቫልቩ ዘንግ በኩል ወደ ውስጥ ይስባል። ቁልቁለቱ አልቆ መንገዱ ሲቃና ነዳጅ ረገጥ አድርጉና በመስታወት ወደ ኋላ እዩ። አንዴ ቡፍ ብሎ ሰማያዊ ጭስ ወጥቶ ከጠፋ ችግሩ ጎሚኒ ነው። ሞተር ማውረድ አያስፈልገውም። ጎሚኒ ርካሽ ነው፣ ጥሩ መካኒክ ቴስታታውን ሳያነሳም ሊቀይረው ይችላል። እስክታስቀይሩት 20ደብሊው-50 ትንሽ ያስታግሳል።

አሁን ተመለሱና ውጡ። ዳገቱን ስትወጡ፣ ሞተሩ ሸክም ላይ እያለ፣ ሰማያዊው ጭስ ሳያቋርጥ የሚከተላችሁ ከሆነ ያለቀው የፒስተን ፋሻ፣ ፒስተኑ ላይ ያለው ቀለበት፣ ነው። ይሄኛው ዘይት በመቀየር አይድንም። 20ደብሊው-50 ጊዜ ይገዛላችኋል እንጂ ፋሻ አይሆንላችሁም። በሺህ ኪሎ ሜትር ከአንድ ሊትር በላይ የምትበላ ከሆነ ለዘይት የምታወጡትን ገንዘብ ለመካኒክ ማጠራቀም ይሻላል። በነገራችን ላይ ጥቁር ጭስ የዘይት ጉዳይ አይደለም። ነዳጅ በዝቶባታል ማለት ነው፣ እመለስበታለሁ። ነጭ ጭስ ሞተሩ ከጋለ በኋላም ካላቆመና የራዲያተር ውሃ እየቀነሰ ከሆነ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ይታይ።

አንድ ሌላ ምልክት አለ። ሐረጎን ወጥታችሁ ደሴ ስትገቡ ሞተሩ በደንብ ግሏል። ነዳጅ ሳትሰጡ ሚኒሞ ላይ ቁሙና የዘይት መብራቷን እዩ። ብልጭ ድርግም ካለች መጀመሪያ የዘይቱን መጠን ለኩ። ልክ ከሆነ በግለት የቀጠነው ዘይት የሞተሩ ዋና ዘንግ የሚሽከረከርባቸውን ያረጁ ብሮንዚኖች መያዝ አቅቶታል ማለት ሊሆን ይችላል። 15ደብሊው-40 የነበረውን ወደ 20ደብሊው-50 ማሳደግ እዚህ ላይ ተገቢ ነው። ካደገም በኋላ ካልጠፋች ሳይውል ሳያድር መካኒክ ጋ። በመብራቷ መቀለድ አይቻልም።

ብዙ ሰው ቁጥሩን ያይና ፊደሉን ይተዋል። ፊደሉ ግን የዘይቱ ጥራት ነው። ኤፒአይ (የአሜሪካ የነዳጅ ተቋም ደረጃ) የሚለውን ፈልጉ። በኤስ የሚጀምረው ለቤንዚን፣ በሲ የሚጀምረው ለናፍጣ ነው። ሁለተኛው ፊደል ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ዘይቱ አዲስ ነው። ኤስኤፍ እ.ኤ.አ. የ1980 ደረጃ ነው፣ ኤስኤል የ2001፣ ኤስኤን የ2010፣ ኤስፒ የ2020። «አዲሱ ይሻላል» ብላችሁ ለመጨረሻው አትጣደፉ። የድሮ ሞተር ካምና ታፔት (ቫልቮቹን የሚከፍቱት ክፍሎች) እርስ በርሳቸው እየተፋጩ ነው የሚሠሩት። ከመበላት የሚያድናቸው ዘይቱ ውስጥ ያለው ዚንክና ፎስፈረስ ነው። ፎስፈረስ ግን የአዳዲስ መኪኖችን የጭስ ማጣሪያ ስለሚጎዳ፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ በወጡት ደረጃዎች በተለይ ቀጫጭኖቹ ባለ 30ና ባለ 20 ዘይቶች ላይ ተቀንሷል። ብዙዎቹ ዲኤክሶችና ላዳዎች ማጣሪያው እንኳ የላቸውም። ስለዚህ ለእነሱ ጋሎኑ ላይ ሲአይ-4 እና ኤስኤል አንድ ላይ የተጻፈበት 15ደብሊው-40 እመርጣለሁ። ለቤንዚንም ለናፍጣም የሚሆን ነው፣ ማጠቢያው ጠንካራ ነው፣ የዚንኩ ነገርም አያሳስብም። የኤስኤ እና የኤስቢ ዘይት ካጋጠማችሁ እለፉት። ለበር ማጠፊያ ይሆን እንደሆነ እንጂ ለሞተር አይሆንም።

ብራንድ ትጠይቁኝ ይሆናል። ቶታል፣ ሼል፣ ሞቢል፣ ካስትሮል እያላችሁ አትጨነቁ። ቁጥሩና ፊደሉ ልክ ይሁን፣ ዘይቱም እውነተኛው ይሁን።

በየመኪናው ልሂድ። ዲኤክስ ሞተሯ ደህና ከሆነ 15ደብሊው-40። ከፊልትሮው ጋር ሦስት ሊትር ተኩል አካባቢ ትይዛለች፣ ከአራት ሊትሩ ጋሎን የተረፈችውን መጨመሪያ አድርጋችሁ ኮፋኖ ውስጥ ሳይሆን ፖርታ ባጋሊዮ ውስጥ አስቀምጡ። ላዳ 3.75 ሊትር ናት፣ ዘይቱ ያው ነው፣ ካጨሰች 20ደብሊው-50። ቮልስ ግን ለብቻዋ መነገር አለባት። ራዲያተር የላትም፣ የሚያቀዘቅዛት አየርና ዘይቱ ነው። የምትይዘው ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው። ፊልትሮም የላትም፣ ከሥር ያለችው ወንፊት ብቻ ናት። ያቺ ትንሽ ዘይት ሐረጎ ላይ ምን ያህል እንደምትለፋ አስቡት። ስለዚህ ከሌሎቹ ቶሎ ይቀየርላት። 5000 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ወንፊቷም ትታጠብ፣ ቫልቩም ይታይ። ፋብሪካው ለመካከለኛ አየር ያዘዘላት ነጠላ 30፣ ደብሊው የሌለው፣ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ለምትመላለስ 15ደብሊው-40 እሰጣታለሁ። ቁልቁል ወደ አፋር የምትወርድ ከሆነ 20ደብሊው-50።

ሃይሩፍና ሌላ አሮጌ ናፍጣ 15ደብሊው-40፣ ሲኤፍ-4 ወይም ከዚያ በላይ። ሾፌሮች «ትናንት ቀይሬ ዛሬ ጠቆረ፣ ዘይቱ አይረባም» እያሉ ይመጡብኛል። አብሽሩ። የናፍጣ ዘይት ጥላሸቱን አጥቦ ራሱ ውስጥ መያዝ ነው ሥራው። መጥቆሩ መሥራቱ ነው።

ቪትዝም አርጅታለች፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው የወጣችው። እሷን ግን ከዲኤክስ ጋር አትደባልቁ። የቫልቭ ሰዓቷን በዘይት ግፊት የሚያስተካክለው ቪቪቲአይ ቀዳዳው ጠባብ ነው። 5ደብሊው-30 ወይም 10ደብሊው-30 ነው የሚስማማት፣ 20ደብሊው-50 አትጨምሩባት። ባጃጅ ደግሞ ፍሪሲዮኑ ዘይቱ ውስጥ ነው የሚዋኘው፣ ለሞተር ብስክሌት የተሠራውን ዘይት ጠይቁ። የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) እና የዲፈረንሻል ዘይት ሌላ ነው። ለካምቢዮ ጂኤል-4፣ ለዲፈረንሻል ጂኤል-5። መቀላቀል የለም።

ዘይት ስትለኩ ሜዳ ላይ ቁሙ። ደሴ ላይ ሜዳ ማግኘት ራሱ ሥራ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ቦሩ ሜዳ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የማደያ ግቢ ይበቃል። ሞተሩን አጥፍታችሁ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ የዘይት መለኪያ ዘንጉን ጥረጉ፣ መልሳችሁ ከታችሁ አውጡ። መለኪያው ዝቅ ብሎ ሲያሳይ ጎዳና ላይ ቆማችሁ የምትጨምሩት ዘይት ስንት ጊዜ በዝቶ ጓርኒሲዮን እንዳፈሰሰ መካኒኮች ያውቁታል። አፍንጫዋ ሽቅብ ከቆመች መለኪያው ይዋሻል።

የክረምት ነገርም አለ። ደሴ ውስጥ ለአጭር አጭር መንገድ ብቻ የምትነዱ ከሆነ ሞተሩ በደንብ ሳይግል ይጠፋል። የዘይት ክዳኑን ስትከፍቱ ከሥሩ ወተት የመሰለ አረፋ ታገኛላችሁ። ብዙ ሰው ደንግጦ ቴስታታ ያስነሳል። መጀመሪያ ዘንጉን እዩ። ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ንጹሕ ከሆነና ራዲያተሩ ውሃ ካልቀነሰ የብርድ እርጥበት ነው። ኮምቦልቻ ደርሳችሁ ስትመለሱ ይተናል። እንዲህ ያለች መኪና ግን ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም በየስድስት ወሩ ዘይት ይቀየርላት።

ዘይት ስትቀይሩ «በናፍጣ ልጠበው» የሚል መካኒክ ካለ አመሰግናለሁ በሉት። ናፍጣው ሙሉ በሙሉ አይወጣም። የቀረው አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል። ለብዙ ዘመን በነጠላ 40 የሄደች መኪና ወደ ጥሩ ዘይት ስትዛወር ማጠቢያው ያለውን ቆሻሻ ራሱ ያነሳዋል። የመጀመሪያውን ፊልትሮ ቀደም አድርጋችሁ ቀይሩ፣ በቃ።

አስመስሎ የተሞላ ዘይት አለ። የተቃጠለ ዘይት ተጣርቶ፣ ቀለም አግኝቶ፣ በጥሩ ብራንድ ጋሎን ይመለሳል። የክዳኑ ማሸጊያ ሲከፈት ቀጭ ብሎ መበጠስ አለበት። ክዳኑ ላይና ጋሎኑ ላይ የታተመው ቁጥር ይመሳሰል። ጣታችሁ ላይ ጠብ አድርጉት። የተቃጠለ ሽታ ካለው መልሱት። ከቀየራችሁ በኋላ ደግሞ ባዶውን ጋሎን ቢላ አስገብታችሁ ብሱት። ቆራሌው ብስ ጋሎን አይገዛም ብሎ የሚቆጣኝ ደንበኛ አለኝ። ለዛ ነው የምበሳው።

ወደ ነዳጁ። ማደያ ላይ ቤንዚን አንድ ዓይነት ስለሆነ ምርጫ የለንም የሚል ሰው ልክም ነው፣ ልክም አይደለም። «ሱፐር» ፍለጋ ግን አትድከሙ። ኦክቴን ማለት ነዳጁ በጭነት ያለ ጊዜው እንዳይፈነዳ የሚያደርገው ነው። የሚያስፈልገው መጠን በሞተሩ ጭመቃ ይወሰናል። ቮልስ ከ7 ለ1 ብዙም አትርቅም፣ ላዳ 8.5 ለ1፣ ዲኤክስ 9 ለ1 አካባቢ። እነዚህ የዋህ ሞተሮች ናቸው። በዚያ ላይ ደሴ ከፍ ያለ አገር ነው፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ሲሊንደር ውስጥ የሚገባው አየር ሲቀንስ ጭመቃውም ይላላል፣ ኦክቴንም ብዙ አይጠይቅም። ኦክቴን መጨመሪያ ብሎ የሚሸጥላችሁን ጠርሙስ ደሴ ላይ አትግዙ። እኔም እሸጣለሁ፣ ግን አትግዙ።

ከፍታው በሌላ በኩል ያስከፍላል። ጉልበት ሩብ ገደማ ይቀንሳል። ካርቡራተሩ ደግሞ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፣ ነዳጁን እንደ ቆላው ይቀዳል። ጥቁር ጭስ፣ የጠቆረ ካንዴላ፣ ነዳጅ መጠጣት ከዚህ ይመጣሉ። ለዚህ መድኃኒቱ የተሻለ ቤንዚን አይደለም። ካርቡራተር የሚያውቅ መካኒክ ድብልቁን ያሳሳላችሁ፣ የአየር ፊልትሮውም ይጽዳ።

«የድሮው ቤንዚን ሊድ ነበረው፣ የአሁኑ ቫልቭ ይበላል» የሚሉ ጋሼዎች አሉ። ውሸት አይደለም፣ ግን ለሁሉም አይሠራም። ሊድ ያለው ቤንዚን ከዓለም ጠፍቷል። የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2021 አቆመች። የሚጎዱት ቴስታታቸው ሙሉ ብረት ሆኖ የቫልቭ መቀመጫው ያልጠነከረላቸው በጣም የድሮ ሞተሮች ናቸው። የአሉሚኒየም ቴስታታ መቀመጫው ጠንካራ ብረት ተሰክቶበት ነው የሚሠራው፣ ዲኤክስ፣ ላዳና ቮልስ ከዚህ ወገን ናቸው። ምልክቱ የቫልቩ ክፍተት ቶሎ ቶሎ እየጠበበ መምጣቱ ነው። መካኒኩ ባስተካከለ በጥቂት ሳምንት ከጠበበ ያን ጊዜ ጠንካራ መቀመጫ አስገቡ።

ትልቁ ጉዳይ ንጽሕናው ነው። ነዳጅ ሲጠፋና ሰልፉ ሲረዝም መንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠው ይወጣል። ዋጋው ሌላ ነገር ነው፣ ውስጡ ያለው ሌላ። ላምባ የተቀላቀለበት ቤንዚን ኦክቴኑ ይወርዳል። ደሴ ሜዳው ላይ ላይታወቅ ይችላል። ሐረጎን በሦስተኛ ማርሽ ስትወጡ ግን ጠጠር በጣሳ ውስጥ እንደሚንኳኳ ያለ ድምፅ ታወጣለች። ወዲያው ማርሽ ቀንሱ፣ ነዳጅ አላሉ። የግድ ከጠርሙስ የምትገዙ ከሆነ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጉ። ንጹሕ ቤንዚን በደቂቃዎች ተንኖ ምንም አይተውም። ላምባ ወይም ናፍጣ ካለበት ቅባት ያለው ክብ ይቀራል። ጠርሙሱንም ወደ ብርሃን ያዙት፣ ውሃ ካለ ከታች ይተኛል። ላምባ ሳይቃጠል ወደ ኮፓ ይወርዳልና ዘይታችሁ ሳትጨምሩ ከፍ ካለ፣ ሽታውም ነዳጅ ነዳጅ ካለ፣ ሳትዘገዩ ቀይሩት።

አሮጌ ሰርባቶዮ፣ የነዳጅ ታንከሩ፣ ዝገት አለው። መብራት እስክትበራ አትጠብቁ፣ ግማሽ ላይ ሙሉት። ሙሉ ሲሆን እርጥበት የሚያረግፍበት ቦታ አያገኝም። የነዳጅ መስመሩ ላይ ግልጽ የሆነችውን ትንሽ የፕላስቲክ ፊልትሮ አስገቡ። ዋጋዋ ትንሽ ነው፣ ውስጧ ቀይ ዱቄት ካያችሁ ሰርባቶዮው ይታጠብ። ናፍጣ የምትነዱ ደግሞ የውሃ መለያውን ከሥሩ እያላላችሁ አፍስሱ፣ በክረምት ቶሎ ቶሎ።

ከኮምቦልቻ በባቲ ወደ ሚሌ የምትወርዱ ከሆነ ሌላ አገር ነው። አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ደሴ ላይ ዝም ያለችው ሞተር እዚያ ልትንኳኳ ትችላለች። ለደጋው ጉልበት ብሎ መካኒኩ ታይሚንጉን፣ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ፣ ወደ ፊት አስጠግቶት ከሆነ ከመውረዳችሁ በፊት ይመልሰው። የነዳጅ ጎማዎቹን በእጃችሁ አጠፍ አድርጉና እዩ፣ የተሰነጠቀ ካለ ይቀየር። ከማርሚታ ቧንቧው የተጠጋ ካለ ይራቅ። ቆላ ላይ ቤንዚኑ ጎማው ውስጥ ተንኖ ሞተሩ ከጠፋባችሁ ደጋግማችሁ እያስነሳችሁ ሞተሪኖ አትጨርሱ። ኮፋኖውን ክፈቱ፣ ጨርቅ በውሃ አርሳችሁ የነዳጅ ፖምፓው ላይ ጣል አድርጉ፣ ሩብ ሰዓት ጠብቁ። ስትመለሱ ታይሚንጉን ወደ ደጋው ማስመለስ እንዳትረሱ፣ አለዚያ ሐረጎን በአንደኛ ማርሽ ትወጡታላችሁ።